ደባርቅ ላይ የከፈትነው ቢሮ

መሥሪያ ቤታችን ሲጀመር ሦስት ነበርን። ሁለቱ ባለቤቶቹ ናቸው፣ ሦስተኛዋ እኔ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የሰቆ መሸጫ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ከታች ሰቆ ሲቆርጡ ወለሉ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ ማውራት የሚቻለው ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ብቻ ነው። ትልቁ ባለቤት ረዥም ዘመን ውጭ አገር በባንክ ሥራ ቆይተው የተመለሱ፣ ጸጉራቸው የነጣ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ሁለተኛው ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ፈጣን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። የቢሮውን ወንበሮች ከመርካቶ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣቸው፣ በደረጃውም በትከሻው ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ስተርክ ክፉ ሰው እንዳይመስል ነው። ክፉ አልነበረም።

ሥራችንን ለሰው ማስረዳት ያስቸግር ነበር። ለፋሲካ ዳባት እናቴ ዘንድ በሄድሁ ቁጥር ትጠይቀኛለች። እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ በዳባት ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ስለ ንግድ የሚነገራትን ነገር በዋዛ አታልፍም።

«እና ባንክ ነው?» አለችኝ አንድ ጊዜ።

«ባንክ አይደለም እማ። ባንክ ያበድራል። እኛ ግን አንድ ሰው አዲስ ሐሳብ ይዞ ሲነሣ ገንዘብ እንሰጠዋለን፤ እሱ ደግሞ ከድርጅቱ ድርሻ ይሰጠናል። ድርጅቱ ሲያድግ የእኛም ድርሻ ያድጋል።»

«ባያድግስ?»

«ባያድግ ቀረ። አንጠይቀውም።»

«እንዲያው ዝም?»

«አብዛኞቹ አያድጉም። ከብዙዎቹ አንዱ በጣም ያድግና የሌሎቹን ኪሳራ ይሸፍናል። ሥራው እንዲህ ነው።»

ስትለይ የነበረውን ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠች። «እንግዲህ ከብዙዎቹ ወገን መሆን ነው የሚያስፈራው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከከተማ የመውጣቱ ሐሳብ የጋሼ ነበር። በየሳምንቱ ሐሳባቸውን ይዘው የሚመጡት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ያመጡ ነበር፤ ምግብ በሞተር የሚያደርስ፣ ታክሲ በስልክ የሚጠራ፣ ዕቃ በስልክ የሚሸጥ። ጋሼ ሰምተው ሰምተው አንድ ቀን መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዚህ አገር ሰው እኮ አብዛኛው ገበሬ ነው» አሉ። «ለገበሬ የሚሠራ አንድ ሰው እንዴት እናጣለን? አንቺ፣ እስኪ አገርሽ ሂጂና ፈልጊልኝ።»

ወጣቱ ባለቤት አልወደደውም። «ጋሼ፣ ገበሬ ዘንድ የገባ ገንዘብ ቶሎ አይመለስም» አላቸው። ግን ያን ጊዜ ሁለቱ ገና ይደማመጡ ነበር፤ ብዙ አልተከራከረም። እኔም ወደ ጎንደር በረርሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ዳባትን አልፌ ደባርቅ ገባሁ።

ደባርቅ ላይ ያገኘኋት ሴት የእንስሳት ሐኪም ነበረች። ከመንግሥት ሥራዋ በገዛ ፈቃዷ ለቅቃ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ቤቷ የፊተኛዋን ክፍል የመድኃኒት መደብር አድርጋለች። ባሏ መምህር ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ስለ እሷ የነገረኝ የሚኒባሱ ረዳት ነበር። «የበግ ሐኪም በስልክ የምታክም አንዲት አለች» ብሎ፣ ቀልድ መስሎት እየሳቀ።

ቀልድ አልነበረም። ገብቼ ከመቀመጤ ስልኳ ጮኸ። ከላይ ከደጋው አንድ ሰው ነው።

«አፏን ይክፈቱላት» አለችው። «ድዷን ይዩልኝ። ቁስል አለው? ... የለም? ዓይኗስ? ... ከሆዷ በታች ይዳስሷት። ውኃ የቋጠረ ይመስላል?» ጥቂት አዳመጠች። «እንግዲያው የጉበት ትል ነው። ዛሬ ገበያ የወጡ በቅሎ ጫኚዎች አሉ፤ መድኃኒቱን በእነሱ እልካለሁ። ለሌሎቹም ይሰጧቸዋል፣ ለእሷ ብቻ አይደለም።»

መድኃኒቱን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ጠግቦ ነበር።

«ከደጋው አንድ ሰው እዚህ ለመድረስ ሙሉ ቀን ይሄዳል» አለችኝ። «በጉን ተሸክሞ አይመጣም፤ ወሬውን ነው ይዞ የሚመጣው። እኔ ወሬውን ሰምቼ መድኃኒት ሰጥቼው ቤቱ እስኪመለስ በጉ ሞቶ ይጠብቀዋል። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ስንቱን እንዲህ ሸኘሁ። አሁን ገደሉ አፋፍ ላይ ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ስላለ እዚያ ወጥተው ይደውላሉ። ምን ማየት እንዳለባቸው፣ እንዴት እንደሚነግሩኝ አስተምሬያቸዋለሁ። ወረርሽኝ ከመሰለኝ ለወረዳው እነግራለሁ፣ ክትባት ይዘው ይወጣሉ። ይኸው ነው ሥራዬ።»

ለጋሼ ደውዬ «አገኘሁ» አልኋቸው።

ሁለቱም መጡ። ከጎንደር መኪና ተከራይተው ሲደርሱ ደባርቅ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ወጣቱ ባለቤት ስስ ጃኬት ብቻ ስለለበሰ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ሐኪሟ የባሏን ጋቢ አምጥታ አለበሰችው። ጋቢውን ተከናንቦ ሁልጊዜ ጀማሪዎችን የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትደርሻለሽ?»

«ዛሪማ» አለችው።

ዛሪማ ከደባርቅ ቁልቁል ወርዶ በሽሬ መንገድ ያለች ትንሽ ከተማ መሆኗን ነገርሁት። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። «እዚያ ቆላ ነው፤ ፍየሉ ብዙ ነው፣ በሽታውም ሌላ ነው። መጀመሪያ የደጋውን በደንብ ልያዘው እንጂ» አለች። ወደ ጎንደር ስሸኛቸው መኪና ውስጥ ጋሼ «እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» አሉ። ወጣቱ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ሴትየዋ ጎበዝ ናት። ግን ዛሪማ አለችኝ እኮ» አለ። ቢሆንም ገንዘቡ ተሰጠ፣ ውሉም ተፈረመ።

ቀጥሎ የመጣውን ጊዜ አሁን ሳስበው አጭር ነበር፤ ያኔ ግን የማያልቅ ይመስለኝ ነበር። ደባርቅ ዋናው መንገድ ላይ ቤት ተከራየን። ሰማያዊ ታፔላ ሰቀልን። ሦስት ወጣት ሴቶች ቀጠርን፤ ስልክ እያነሱ የበሽታውን ምልክት ጠይቀው ለሐኪሟ ያስተላልፋሉ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ሶፍትዌር ሠሩልን፤ የትኛው መንደር ምን ዓይነት በሽታ እንደበዛ በካርታ ያሳያል። ለመደወያ አጭር ቁጥር አወጣን፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በቃሉ የሚይዘው። እኔ ደባርቅ ቤት ተከራይቼ ተቀመጥሁ፤ እሑድ እሑድ ዳባት ወርጄ ከእናቴ ጋር እውላለሁ።

ደንበኞቻችን የበዙት በአንድ አዛውንት ምክንያት ነው። ከሩቁ ደጋ፣ ከጊች ወገን የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በጎቻቸው ማሳል ሲጀምሩ ቶሎ ደወሉ። ሐኪሟ ምልክቱን ሰምታ ፊቷ ተለወጠ። ደስታ መሰል ነው አለች። የእኛ አገር ሰው በግና ፍየል የሚፈጀውን በሽታ እንዲህ ነው የሚለው፤ ደስታ ድሮ የአገሩን ከብት የጨረሰው በሽታ ስም ነው። ክፉ ነገር በስሙ ከተጠራ ሰምቶ ይመጣል ብለው ይሆናል። ሐኪሟ ወዲያው ለወረዳው ተናገረች፤ ክትባቱ በበረዶ ሣጥን በበቅሎ ወጣ። አንዳንዱ በግ ሞተ፣ አብዛኛው ተረፈ። አዛውንቱ ከዚያ በኋላ በሰንበቴው፣ በሠርጉ፣ በለቅሶው ሁሉ የእኛን ቁጥር ሲያስተምሩ ከረሙ። ደባርቅ በመጡ ቁጥር ቢሮአችን ይገባሉ፤ ቆመው ሦስቱን ሴቶች አንድ በአንድ ይመርቃሉ።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤታችን ማደግ ጀመረ። ያሳደግነው ግን እኛ አይደለንም። ከሰቆ መሸጫው በላይ ሳለን ገንዘብ ከሰጠናቸው ጀማሪዎች አንዱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ በሞተር የሚያደርሰው፣ ሳይታሰብ ገነነ። ውጭ አገር ያለ ትልቅ ድርጅት ድርሻ ገዛበት። የእኛም ድርሻ በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከዚያ በፊት ስልካችንን የማያነሱ ባለገንዘቦች ራሳቸው ይደውሉ ጀመር። ሁለተኛ ፈንድ ተቋቋመ። ፈንድ የሚባለው ከብዙ ባለሀብቶች ተሰብስቦ እኛ ለጀማሪዎች የምናከፋፍለው ገንዘብ ነው፤ የመጀመሪያው የጋሼ ወዳጆች ያዋጡት ነበር፣ ሁለተኛው የፈረንጆች ነበር።

ለዓመታዊው ስብሰባ አዲስ አበባ ስሄድ ቢሮው ተቀይሮ ነበር። አዲስ ሕንፃ ነው፣ መስተዋት ብቻ። በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። ውስጥ ገብቼ የማውቀው ሰው ፈለግሁ፤ ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያቀረቀሩ። መሰብሰቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ግን አንድ የማውቀው ፊት አገኘሁ። ሐኪሟ ናት። ከበጎች መካከል ቆማ፣ ከኋላዋ ገደሉና ሰማዩ፣ ፎቶው ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

«እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው» አለኝ ወጣቱ ባለቤት ከኋላዬ መጥቶ። በእውነት ደስ ብሎት ነበር። «ሞተሮቹ ገንዘብ ያመጣሉ። ሰው ልብ ውስጥ የምትገባው ግን እሷ ናት።»

ስብሰባው በእንግሊዝኛ ነበር። ጋሼ እንግሊዝኛውን ከሁላችንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ያን ቀን ግን ብዙ አልተናገሩም። ሲወጡ ክንዴን ያዝ አድርገው «በጎቹ ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ናቸው አልኋቸው። ደኅና ነበሩ።

ከዚያ በሰሜን የተነሣው ግጭት ወደ እኛ አካባቢ ደረሰ። ስለ እሱ የማውቀው ሌላው ሰው ከሚያውቀው አይበልጥም፤ የምተርከው ቢሮአችን ላይ የሆነውን ብቻ ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔት ጠፋ። ካርታው ያለበት ኮምፒውተር ባዶ ስክሪን ሆነ። ቢሆንም ስልክ ስለሚሠራ ሴቶቹ የሚነገራቸውን በቃላቸው ይዘው ለሐኪሟ ይነግሩ ነበር። ከዚያ የጎንደር መንገድ ይዘጋ ይከፈት ጀመር፤ መድኃኒት የሚመጣው በዚያ ነው። ሐኪሟ መድኃኒቱን እየቆጠበች፣ ሕመሙ ለጠናበት ብቻ እየሰጠች ቆየች። በመጨረሻ ስልኩም ጠፋ።

ሦስቱ ሴቶች እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት መምጣታቸውን አልተዉም። ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ ስልኩን አንሥታ ትሰማለች፣ ትመልሰዋለች። ሌላዋ የነጠላ ጥበብ ይዛ መጥታ ትጠልፍ ነበር። ሐኪሟ እኔን «ነገ ይመለሳል ይላሉ» ትለኛለች፤ እኔም ለሴቶቹ ያንኑ እላቸዋለሁ። በቅርብ ወዳሉት መንደሮች በእግሯ ትሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ስለሚያሰጋ ባሏ ከለከላት። የሩቁ ደጋ እንዴት እንደሆነ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ወሬ የሚያመጡ በቅሎ ጫኚዎችም ቀርተው ነበር።

አዛውንቱ የመጡት አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመው እንደ ወትሯቸው አልመረቁም። ሐኪሟ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ደወልሁ ልጄ» አሏት። «ማለዳ ማለዳ እገደሉ አፋፍ እየወጣሁ ደወልሁ። ዝም ነው የሚለው።»

«ኔትወርክ ጠፍቶ እኮ ነው አባባ። ለሁላችንም ጠፍቷል።»

«እሱንስ ኋላ ሰማሁ።»

«ምን ሆኑብዎት?»

«ያው ነው። ያ ማሳሉ፣ ያ የዓይን እዡ። አንቺ ያስተማርሽኝን ሁሉ አይቻለሁ። ደስታ መሰል እንደሆነ አውቄዋለሁ።»

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምነው በእግርዎ ሳይመጡ?» አለቻቸው።

አዛውንቱ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን እያዩ መለሱላት። «ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልሁ። ድሮ ስልኩ ሳይኖር በጉ ማሳል ሲጀምር በማግስቱ መንገድ እገባ ነበር። አሁን ስልኩ አለ ብዬ ተቀመጥሁ።»

«የቀሩት ስንት ናቸው?»

«የቀረ የለም። የጎረቤቶቼም እንደዚያው ነው። አንዲት ፍየል አለችኝ፤ እሷም ታስላለች። ለእሷ የሚሆን ካለሽ ስጪኝ።»

ከመደርደሪያው የቀረውን መድኃኒት አውርዳ፣ እንዴት እንደሚሰጧት ሁለቴ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሁለቴ ደገሙላት። ሲወጡ ሴቶቹን መረቁ፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም ነበር። በቁጣ ቢናገሩን ይሻለን ነበር።

ከሄዱ በኋላ ሐኪሟ ከመደርደሪያው ኋላ ገብታ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ሄጄ አጠገቧ ቆምሁ።

«ድሮ ከሃያው በግ አሥሩ ይሞታል፣ አሥሩ ይተርፋል» አለችኝ። «እኔ ነኝ መምጣት ያስተውኋቸው።»

«እንዲህ አይባልም። ኔትወርኩን አንቺ አላጠፋሽው።»

«እኔ አላጠፋሁትም» አለች። «ግን ተመኩብኝ።»

 

መንገዱ ለጥቂት ቀን ሲከፈት አዲስ አበባ ተጠራሁ። ቢሮው ውስጥ ኬክ ተቆርጦ የተረፈው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ናይሮቢ ቅርንጫፍ መከፈቱን እያከበሩ ነው። ስብሰባው ላይ ከክፍሉ ሰዎች ሌላ በስክሪን የሚሳተፉ ነበሩ። ስለ በጎቹ፣ ስለ አዛውንቱ፣ ስለ ጠፋው ስልክ ተናገርሁ። ሁሉም በአክብሮት አዳመጡኝ። ከዚያ ወጣቱ ባለቤት ተናገረ። አሁን ሥራ አስኪያጁ እሱ ነው።

«የምትይውን ሁሉ አምናለሁ። በጣም ያሳዝናል። ግን ኢንቨስተሮቹ በየሦስት ወሩ የሚያዩት ዕድገትን ነው። ስልክ በማይሠራበት አገር የስልክ አገልግሎት ይዘን ምን እንላቸዋለን? ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሶፍትዌሩም ጥሩ ነው። ያልሆነው ቦታው ነው።» ከዚያ ዕቅዱን ነገረን። አዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረቡ ብዙ ባለሀብቶች አሉ፤ አገልግሎቱን ወደ እነሱ እናዞረዋለን፣ ሐኪሟም ትምጣ፣ ጥሩ ደሞዝ እንከፍላታለን።

የከፋኝ የተናገረው ስሕተት አለመሆኑ ነው። በእኛ ሥራ ሕግ ትክክል ነበር።

ጋሼ ከጠረጴዛው ጫፍ «አንድ ዓመት እንታገሣቸው» አሉ። በአማርኛ ነው የተናገሩት። ስክሪኑ ውስጥ ያለ አንድ ፈረንጅ ምን እንዳሉ ጠየቀ። አንዱ ልጅ ተረጎመለት፤ ፈረንጁም ራሱን ነቀነቀ፣ ውይይቱ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። በዚያው ዓመት ጋሼ ድርሻቸውን ለሌሎቹ ትተው ወጡ። አልፎ አልፎ እደውልላቸዋለሁ፤ ስለ ሥራ አናወራም።

ደባርቅ ተመልሼ ለሐኪሟ የነገርኋት ቤቷ፣ ልጆቿ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አልመጣም ብል?» አለች።

«አገልግሎቱ ያለ አንቺም ይሄዳል። የበዛው ድርሻ የእነሱ ነው።»

«ያ አጭሩ ቁጥርስ?»

«የድርጅቱ ነው። አብሮ ይሄዳል።»

«ደጋው ሁሉ በቃሉ የያዘው ቁጥር?»

ራሴን ነቀነቅሁ። «እኔ የሰው ከተማ ሄጄ የፈረንጅ ላም ማከሙ አያቅተኝም» አለች። «ግን እዚህ ማን ይቀራል? ... ማንም አይቀርም። እኔ ብቀርም ማንም የለም፣ መድኃኒት የለኝ፣ ስልክ የለኝ።» ቢሆንም አልሄደችም።

ቢሮውን የዘጋነው እኔና ሦስቱ ሴቶች ነን። ታፔላውን ያወረድነው ከጎረቤት መሰላል ተውሰን ነው። ጥልፍ ትጠልፍ የነበረችው ዐረብ አገር ሄደች፤ ሁለተኛዋ ጎንደር ገባች፤ ሦስተኛዋ አገባች ሲሉ ሰማሁ። እኔ አዲስ አበባ የተሰጠኝን ሥራ ተቀበልሁ። እናቴ ኩላሊቷ ታሞ ነበር፤ መድኃኒቱ በየወሩ ነው።

የወተት ላሙ አገልግሎት ቶሎ አደገ። በከተማ ዙሪያ ኔትወርክ አለ፣ መንገድ አለ፣ ባለቤቶቹ መኪና አላቸው። ስልክ የሚያነሱት ልጆች እኔ ካለሁበት ፎቅ በታች ነበሩ። በደባርቅ አካባቢ ስልክ የተመለሰ ሰሞን አንደኛዋ ልጅ ወደ እኔ ወጣች።

«ከሰሜን የሚደውሉ ሽማግሌዎች አሉ» አለችኝ። «ክፍለ ከተማዎ የት ነው ስላቸው አይገባቸውም። አሁን አንዱ መሥመር ላይ ናቸው። ምን ልበላቸው?»

ወርጄ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ነፋስ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ለየሁት፤ የጊቹ አዛውንት ናቸው። ከዘመድ በእርቢ፣ ግልገሉን ሊካፈሉ፣ ያገኟቸው ጥቂት በጎች ኖሯቸው ነበር።

«ሐኪሟን አገናኚኝ ልጄ» አሉኝ።

ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ደስ አላቸው፣ መረቁኝ። ከዚያ ቢሮው እንደተዘጋ፣ ቁጥሩ የሌላ አገልግሎት እንደሆነ ነገርኋቸው። 

«እንግዲያስ ማንን ልጥራ?» አሉ።

የሐኪሟን የግል ቁጥር ሰጠኋቸው። የሚጽፍላቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም፤ በቃላቸው እስኪይዙት ደጋግሜ ነገርኋቸው። እኔ ስላቸው እሳቸው ሲሉ፣ አንዱን ሲስቱ እንደገና ስንጀምር፣ የታችኛው ፎቅ ልጆች ሥራቸውን ትተው ያዩኝ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሶፍትዌሩ ተስተካከለ፤ ያልተመዘገበ ሰው ሲደውል ጥሪው አይገባም።

እናቴን ለመጠየቅ ዳባት የሄድሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ መንገዱ ደኅና ነው የተባለ ዕለት። ገበያው ዳር በአንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ሐኪሟን አየኋት። ባሏ ወደ ዳባት ተዛውሮ፣ እሷ እዚያ ተቀጥራ የአረም መድኃኒትና የዘር ከረጢት ትሸጣለች። ፊቷ ከስቷል። ስታየኝ ከባንኮኒው ወጥታ ሳመችኝ፤ ቀዝቃዛ እጇን እጄ ላይ አድርጋ ቆየች።

«መሥሪያ ቤቱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«አድጓል» አልኋት።

«ደግ ነው።» የምሯን ነው ያለችው። «እነዚያ ሰዎች ይደውሉልኛል። ከላይ። አንዳንዴ አነሣለሁ፣ አንዳንዴ አላነሣም። በሽታውን እነግራቸዋለሁ፤ መድኃኒቱን ከየት አምጥቼ ልላክላቸው? እንዲያው የሚገድልባቸውን ነገር ስም ብቻ ነው የምነግራቸው።»

አንድ ገበሬ ገባና የአረም መድኃኒት ጠየቀ። እስክትሸጥለት ቆሜ ጠበቅሁ። ሌላም ገባ። ሥራ እንዳላስፈታት ብዬ ተሰናበትኋት፤ እሷም አልያዘችኝም።

ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ስብሰባ ነበረን። ሦስተኛው ፈንድ መሙላቱ ተነገረ፤ ከፊተኞቹ የሁለቱ ድምር ይበልጣል ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብዙ የደከመበት ነገር ነውና አልፈረድሁበትም። ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ አጨበጨብሁ። የእናቴ መድኃኒት የሚገዛው በዚያ ደሞዝ ነው።